ለዛፍ የሚነገር ወሬ

አያ ቶጋሊውን ያገኙት ሸርጣን ሊለቅሙ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ታንኳው አፍንጫውን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል፤ ሸራው እንደ አሮጌ ቀሚስ ተተልትሏል፤ ሽማግሌው ውስጡ በጎኑ ተኝቷል። ከጆሮው በላይ ተፈንክቶ ደሙ አንገቱ ላይ ደርቋል። ግን በሕይወት አለ፣ እንዲያውም ያወራል። ከእግሩ ሥር የባሌ ቢላዋና የባሌ ኮፍያ ተገኙ። ባሌ የለም።

«ኤልዊንስ? ኤልዊን የት አለ?» ብዬ ስጮህ ሴቶቹ ሁሉ አቀርቅረው እግራቸውን አዩ። እኔን እንዲህ ያለው ነገር ነው የሚያበግነኝ። ሰው ሲጠየቅ እግሩን ምን ያሳየዋል? መልሱ እዚያ ላይ አልተጻፈ!

በዋዜማው ሎብስተር፣ ያን ባለ ወፍራም ጭራ የሸርጣን ዘመድ፣ ልንይዝ ነው ብለው ነበር ተያይዘው የወጡት። ወዴት እንደሆነ አልተናገሩም፤ በኛ ዘንድ አጥማጅ የሚሄድበትን አይናገርም። ባሕሩ ይሰማል፣ ዓሣውም ይሸሻል ይባላል። እኔም አልጠየቅኩም። ሆዴ ገፍቶ ወገቤን እያመመኝ ስለነበር «አንቺ ዐረፍ በይ፣ ጭራው የወፈረውን ለልጄ እናት አመጣለሁ» ብሎኝ፣ ጉንጬን ቆንጥጦኝ ሄደ። ሲቆነጥጠኝ እንደማልወድ እያወቀ ነው እኮ። እጁን መታሁት፤ ሳቀ።

ሽማግሌውን በሰሌን ተሸክመው ጤና ኬላ አስገቡት። ጤና ኬላችን አንዲት የቀርከሃ ክፍል ናት፤ ጀርባዋ ከእማማ ሮሌዋ ማዕድ ቤት ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው። ነርሷ ሲስተር ጆይሊን የሌላ ደሴት ሰው ስለሆነች በከተማው ቋንቋ በቢስላማ ጠየቀችው። የመንደራችን አለቃ በርናባስ ደግሞ በኛው ቋንቋ ጠየቀው። እሱም ሁለቱንም ፊት ለፊት እያየ፣ በትዕግሥት፣ ደግሞ ደጋግሞ መለሰ። ግን የመለሰው በቢስላማም አይደለም፤ በኛም አይደለም። ከአፉ የሚወጣው ጠጠር ላይ ጠጠር እንደሚወድቅ ያለ ነገር ነው፤ አጭር፣ ያው ራሱ፣ እየተደጋገመ።

«ጭንቅላቱ ተመትቷል፤ እየቀባጠረ ነው» አለች ሲስተር።

«ይሻለዋል» አለ አለቃ በርናባስ። ማንም ያልጠየቀውን ነገር ማረጋገጥ ይወዳል።

ነፋሱ ከደቡብ ስለነበር ወንዶቹ «ወደ ሰሜን ነው የወሰዳቸው» ብለው በወንድሜ በሃሪሰን ጀልባ ለፍለጋ ወጡ። በመንደራችን በቬራቭ ሞተር ያላት ጀልባ የሱ ብቻ ናት።

ከሃሪሰን ጋር ቃል ከተለዋወጥን ስንት ዘመኑ ነው። ተጣልተን አይምሰላችሁ፤ ወንድሜ ነዋ! ጢሙ ሊበቅል ሲል ወደ ወንዶች ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ቤት አይገባም፤ መንገድ ላይ ካየኝ ወደ ጫካው ዞር ይላል። መልእክት ሲኖረው ደጃችን ላለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ይነግረዋል። «አንተ ዛፍ፣ እዚያች ሴትዮ ቤት የተረፈ ጎደሬ ካለ ልጆቼ ርቧቸዋል» ይላል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እሰማለሁ፤ መልሴንም ለዛፉ እመልሳለሁ። ዓሣ በቀናው ቀን ትልቁን ከዛፉ ሥር ጥሎልኝ ይሄዳል። «ይኼ ዛፍ ዓሣ በልቶ ሊሞት ነው» እያለ ኤልዊን ይስቅ ነበር። ባዕድ ሲሰማው ጉድ ይላል፤ እኛ ግን የተወለድንበት ነው። ወንድምና እህት ፊት ለፊት ከተነጋገሩ ባሕሩ ከቤታቸው ልጅ ይወስዳል። ከታች ሰፈር አንዲት ሴት፣ ቤቷ ሲቃጠል ደንግጣ ወንድሟን በስሙ ጠራችው፤ እሳቱ ጠፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ልጇን ሞገድ ከቋጥኙ ላይ ጠረጋት። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይበል። ያቺ ሴት ግን እስከ ዛሬ ባሕር ዳር አትወርድም።

ወንዶቹ ሲመሽ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በማግሥቱም ማለዳ እንደገና ወጡ።

እኔ ሽማግሌው አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝንብ እከላከላለሁ። ባሕሩ ደስ አላለኝም። ጨረቃዋ እየሞላች ስለነበር ውሃው በየጊዜው ከበፊቱ አልፎ ይመጣል፤ ታንኳ የምናስርበትን ግንድ አልፎ ከኮኮናቶቹ ሥር ገባ። ነፋስ የለም፤ ሞገድ የለም፤ ዝም ብሎ እየተንፏቀቀ ነው የሚወጣው። የባሕር ወፎቹም መሬት ላይ ውለዋል። ልጆቹን ከዳር ጠርተን አስገባናቸው፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

አያ ቶጋሊው ያንኑ ይላል። ሲለው ደግሞ እጁን ያነሣል። መጀመሪያ ቀን ጉልበቱ ላይ ያደርግ ነበር፤ አሁን ወገቡ ላይ አደረገው። ከዚያ ወደ ደጅ፣ ወደ ባሕሩ ያይና ደረቱን ይነካል።

«ደረቱን እያመመው ነው» አለች ሲስተርና ኪኒን ሰጠችው። ኪኒኑን ተፋው። ዐይኑን ሆዴ ላይ ተክሎ ያንኑ ጠጠሩን ደገመልኝ፤ እንባው ይወርዳል። ያኔ ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ ተናድጄ ነበር እንጂ አልፈራሁም።

እንዲህ እንዳለሁ ከግድግዳው ማዶ የእማማ ሮሌዋ ዶሮ እሳት ዳር ገባች መሰለኝ፣ አሮጊቷ ስታባርራት ሰማሁ። ዶሮዋን የምታባርርበት ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ እየሳቅን እንደግመው ነበር። ጠጠር ላይ ጠጠር ነው።

የሳኖር ቋንቋ ነው!

ሳኖር ከደሴቲቱ ጀርባ የነበረ ትንሽ መንደር ነው። በአያቶቻችን ዘመን በትልቁ ዝናብ ተራራው ተደርምሶ ከነሰዉ ባሕር ውስጥ ከተተው። ተረፉ የተባሉት ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ የአንድ እናት ልጆች፤ ቶጋሊውና ሮሌዋ። ወደ ቬራቭ አምጥተው በተለያየ ቤት አሳደጓቸው። የኛ ሰው ንግግራቸውን «የሸርጣን ወሬ» እያለ ሲያላግጥባቸው የኛን ቋንቋ ለመዱ። አያ ቶጋሊው ለልጆቹ አላስተማረም፤ ሚስቱ ቤቴ ውስጥ አልሰማም ብላ ነበር። እማማ ሮሌዋ ለዶሮ ካልሆነ አትናገረውም። እርስ በርሳቸው እንዳያወሩት ደግሞ ወንድምና እህት ናቸው። በምድር ላይ ሁለት ሰው የቀረው ቋንቋ፣ ሁለቱም እንዳይነጋገሩ ተከልክለው! እስኪ ይኼ ለማን ይነገራል?

የሽማግሌው ጭንቅላት ሲመታ የኛም የከተማውም ቋንቋ ወጥቶ የልጅነቱ ብቻ ቀርቶታል። እየቀባጠረ አይደለም። ባሌ የት እንዳለ እየነገረን ነው። የሚሰማው ጆሮ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ያም ከዚያ ቀርከሃ ማዶ አለ።

ወደ አለቃ በርናባስ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ያ ሩጫ ከተባለ። ዋርካው ሥር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

«አለቃ፣ እማማ ሮሌዋ ትስማልን» አልኩት፤ ነገሩንም አንድ ባንድ ነገርኩት።

መረቡን አስቀመጠ። «ሮቬል፣ ልጄ፣ የምትዪውን ታውቂዋለሽ? እህቱ ናት እኮ።»

«እሱማ ነው የምልህ! ሌላ ማን ያውቅልናል?»

«እህት ለወንድሟ ጆሮ የላትም።»

«ጆሮማ አላት! ግድግዳው ክንድ አይሞላም፤ እሱ ሲያስነጥስ እሷ ትባንናለች።»

«ስሚ እንግዲህ፤ ወንዶቹ እየፈለጉ ነው። ቀሪውን ለፈጣሪ ተይው። ዝም አይነቅዝም።»

«ይነቅዛል!» አልኩት። «ይኸው ሲነቅዝ እያየን ነው። ለመሆኑ ያንተ ልጅ ቢሆን ኖሮ ዋርካ ሥር መረብ ትጠግን ነበር?»

እንዲህ አይባልም፤ አለቃ ነው። ግን አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ መረቡን አንሥቶ ጀርባውን ሰጠኝ።

እማማ ሮሌዋ ማዕድ ቤቷ ውስጥ እሳቷን አጥፍታ፣ ጀርባዋን ለጤና ኬላው ግድግዳ ሰጥታ ተቀምጣለች። ወንድሟን ካመጡት ጀምሮ ወደ እርሻ አልወረደችም፤ ማንም ልብ አላለውም እንጂ። ጭኗ ላይ የልጅ ልጇ ሌይታ ተኝታለች። የሌይታ አባትና እናት ከተማ ሥራ ሄደው እዚያው ቀርተዋል፤ አሮጊቷ ያለቻት ይቺው ናት።

«እማማ» አልኳት፤ ተንበረከክኩ። ሆዴ አላስቀምጥ ብሎኝ በአንድ እጄ መሬት ይዤ ነው። «ምን እያለ ነው?»

«ማን?»

«እማማ፣ በሞቴ።»

«ባትሞቺ ጥሩ ነው። እኔ የሰማሁት ነገር የለም።»

ከግድግዳው ማዶ ሽማግሌው ያንኑ አለ። ዐይኗ አልተንቀሳቀሰም፤ እጇ ግን የልጅቷን ጠጉር መደባበሱን አቆመ።

«ይኸው አሁንም አለ። ኤልዊን ነው እማማ! ጣሪያሽን የከደነልሽ ኤልዊን። ትንፋሽ ካለው፣ የት እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ልጄ» አለችኝ፤ ድምጿ ከሹክሹክታ አይበልጥም፤ «ሰማሁ ካልኩ ወንድሜን ሰማሁ ማለት ነው። ዕዳው የሚመጣው ወደዚች ነው።» ሌይታን በዐይኗ አሳየችኝ። «አንቺስ ብትሆኚ?»

እውነቷን ነው። በቁጣ ብድግ አልኩ፤ ቁጣዬ በማን ላይ እንደሆነ እንኳ አላውቀውም።

አንድ መንገድ ነበር። አለቃው ግቢ ውስጥ የክልክል ዘንባባ አለች። ቅጠሏ ከተተከለበት ደጅ ማንም አያልፍም። ሌላም ነገር አላት፤ ነውሩ ከመሠራቱ በፊት ሰው ቅጠሏን ቆርጦ ደጁ ላይ ከተከለ፣ ከነውሩ የሚመጣው ዕዳ ሁሉ ወደ ተከለው ሰው ቤት ይሄዳል፤ ሠሪው ነጻ ነው። ሴት ግን አትቆርጣትም፤ እርጉዝማ ጥላዋን እንኳ አታልፍም።

የባሌን ቢላዋ ይዤ ሄድኩና ቆረጥኳት። አለቃ በርናባስ «ተይ! ተይ አንቺ ሴት!» እያለ ተነሣ፤ ሊይዘኝ ግን አልደፈረም። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እንደ ሰልፍ ተከተሉኝ። አንዷማ «ኧረ ስለ ልጅሽ!» አለችኝ። ስለ ልጄ ነው እኮ! አባቱን የማያውቅ ልጅ ልወልድ ነው ወይ? ቅጠሏን ደጄ ላይ ተከልኳት። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ያኔ አንዴ ተገላበጠ። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሁሉም ሰሙ።

ተመልሼ ማዕድ ቤቷ በር ላይ ቆምኩ። አሮጊቷ ከተቀመጠችበት የኔ ደጅ ይታያታል። ቅጠሏን አየች፤ ሆዴን አየች።

«አብደሻል።»

«አዎ። አሁን ንገሪኝ።»

ሌይታን ከጭኗ አውርዳ ሰሌኑ ላይ አስተኛቻት። ከዚያ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር ተናገረች።

«ሳኖር ባሕር ዳር ካለ ዋሻ ውስጥ ነው ያለው። ድንጋይ ተንሸራቶ እግሩን ይዞታል። ወንድሜ ድንጋዩን ሊያነሣ ቢሞክር አልሆነለት አለ። ሰው ልጥራ ብሎ ሲወጣ የሸራው እንጨት መታው፤ ከዚያ በኋላ የሚያውቀው የለም። የሚደጋግመው፣ ተቀምጧል፣ ውሃው እየወጣ ነው፣ ተቀምጧል፣ ውሃው እየወጣ ነው እያለ ነው።»

ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት። ኪኒን ሰጥተነው ነበር!

«መቼ ነው የሰማሽው?»

የሌይታን ሰሌን አስተካከለች።

«እማማ፣ መቼ?»

«ተሸክመው ሲያስገቡት» አለች። «ገና በሩ ላይ።»

እጄ ተነሥቶ ነበር። እናቴን ያሳደገች አሮጊት ልመታ እጄ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ። ሁለት ጊዜ ባሕሩ መጥቶ እስኪመለስ እያንዳንዷን ቃል እየሰማች፣ ከዚያች ቀርከሃ ሥር ቁጭ ብላ፣ እሳቷን አጥፍታ! እሷም እጄን አይታ አልሸሸችም። «ምቺኝ» አለችኝ። ብመታት ይቀለኝ ነበር። ግን ሃሪሰን እዚያ ተኝቶ ቢሆን፣ እኔም ጭኔ ላይ ልጅ ይዤ ቢሆን ኖሮስ? እጄን አወረድኩት። አልማርኳትም፤ ዛሬም አልማርኳትም።

የጀልባው ሞተር ተሰማ። ወንዶቹ ነዳጅ ሊሞሉ ተመልሰው ነበር። ሃሪሰን ጀሪካኑን ይዞ ሲወጣ ሴቶቹ ነገሩን በጩኸት ነገሩት፤ ጀሪካኑን ላንዱ ሰጠና በቀጥታ ወደኔ ደጅ መጣ፤ ከዛፉ ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ።

«አንተ ዛፍ፣ ዋሻው የት ነው በላት?»

እማማ ሮሌዋ ቅጠሏን ከተከልኩት ከኔ በቀር ለማንም አልናገርም አለች፤ ለሌላ ከተናገረች ዕዳው ተመልሶ የሷ ነው። ከማዕድ ቤቱም አልወጣም አለች። ስለዚህ እኔ ሆዴን ይዤ ከማዕድ ቤት ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ ማዕድ ቤት እመላለሳለሁ።

«አንተ ዛፍ፣ እንደ ጥርስ የቆሙት ሁለት ድንጋዮች ጋ ነው በለው። ከመሃላቸው ገብቶ ወደ ግራ።»

«አንተ ዛፍ፣ ጥርሶቹ ሦስት ናቸው። ከየትኞቹ መሃል ነው በላት።»

ወደ አሮጊቷ። ዐይኗን ጨፍና ታስባለች። ያን ቦታ ያየችው ሕፃን ሆና ነው፤ ከወንድሟ ጋር ድብብቆሽ የሚጫወቱበት ነበር። «ሦስተኛውን አላስታውስም» ትላለች። «ከፊቱ የሚፈስ ምንጭ አለ። ምንጩን ይፈልግ። ውሃ ሲሞላ አፉ አይታይም፤ ከላይ ግን ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው።» ወደ ዛፉ። ምንጩን ነገርኩት፤ ቀዳዳውን ነገርኩት። ሃሪሰን ስለ ቀዳዳው አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ዛፉን። ደግሞ ወደ አሮጊቷ። ላቤ ዐይኔ ውስጥ ይገባል። ጀርባውን አየዋለሁ፤ ያ ሰፊ ጀርባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ዞር በል፣ ዞር ብለህ እኔን ስማኝ ልለው አፌ ላይ ደረሰና መለስኩት። አንድ ዕዳ ጠርቻለሁ፤ ሁለተኛ መጥራት አልደፈርኩም። እኛ እንዲህ ስንል ባሕሩ ከኮኮናቶቹ ሥር አልፎ የአሳማዎቹን አጥር እየነካ ነበር።

በመጨረሻ «አንተ ዛፍ፣ ሄድኩ በላት» አለና ሮጠ።

ጀልባዋ ከሄደች በኋላ ሴቶቹ ደጄ ላይ ተቀመጡ፤ ከቅጠሏ ግን ራቅ ብለው ነው። አንዷ በቅጠል የተጋገረ ጎደሬ አመጣችልኝ፤ መሬት ላይ አስቀምጣ በጣቷ ገፋችልኝ እንጂ በእጄ አልሰጠችኝም። ከአሁኑ እንደ በሽተኛ ያዙኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ለሌላዋ እንደዚያ አደርግ ነበር። ጎደሬውን ግን አልበላሁም።

ሽማግሌው ያንኑ ይላል። ተቀምጧል፣ ውሃው እየወጣ ነው። አሁን ትርጉሙን ስለማውቀው ጆሮዬን በእጄ ያዝኩ፤ በእጄም ውስጥ ይሰማኛል። ኤልዊን ምን ያስብ ይሆን? እየመጡ ነው ይል ይሆናል፤ ቶጋሊው ነግሯቸዋል፣ እየመጡ ነው። ነግሮናል እኮ! ገና በሩ ላይ ነግሮናል!

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ባሕሩ ቆመ፤ አልወጣም፤ አልወረደም። ያኔ ሽማግሌው ዝም አለ። ሲስተር ሞተ ብላ ሮጣ ገባች፤ አልሞተም፤ ዐይኑ ተከፍቷል፤ ይተነፍሳል። የሚለውን ብቻ ተወ።

ከማዕድ ቤቱ የእማማ ሮሌዋ ድምፅ መጣ። «መናገሩን ተወ» አለች። ማንንም አላናገረችም።

«ደክሞት ነው» አልኩ እኔ። «ሲደክመው ይተወዋል።» ሴቶቹ እንደገና እግራቸውን ያያሉ።

ሞተሩን ሰማነው። ከአፋፉ ዞሮ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው። ቁስለኛ ስለያዘ ነው ቀስ ያለው አልኩ ለራሴ፤ እግሩ ተሰብሮ ይሆናል፣ እንዳይንገጫገጭ ብለው ነው። እግር ምን አለው፣ እግር ይጠገናል፤ ቢቆረጥስ፣ እኔ እሸከመዋለሁ። ሴቶቹ ተነሥተው ወደ ባሕሩ ሄዱ። እኔ አልሄድኩም፤ ወንድሜ እዚያ ስላለ ነው። ከዛፉ ማዶ ጀርባዬን ሰጥቼ እንደ ወጉ ቆምኩ።

ሲመጣ እግሩን ሰማሁ፤ እርጥብ ነው፤ ከዛፉ ሥር ቆመ።

«አንተ ዛፍ» አለ።

ጠበቅኩ።

«አንተ ዛፍ» አለ እንደገና።

«አንተ ዛፍ፣ ዋሻውን አገኙት ወይ በለው!» አልኩ። «ምንጩን አገኙት ወይ? ምን ይዘጋዋል፣ ይናገር እንጂ!»

እግሩ ተንቀሳቀሰ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ዛፉን ዞሮ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ሴቶቹ ከመንገዱ ላይ ጮኹ፤ አንዷ ልጆቿን ጎትታ ዐይናቸውን በነጠላዋ ሸፈነች። የወንድሜን ፊት ከቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ጢሙ ሸብቷል፤ ከከንፈሩ በላይ የማላውቀው ጠባሳ አለ። እናታችንን ይመስላል።

«እታለም» አለኝ።

ሌላ መናገር አላስፈለገውም። ኤልዊን በሕይወት ቢኖር ኖሮ ለዛፉ ይነግረው ነበር።

በሁለት እጁ ክንዴን ያዘኝ፤ ያም ክልክል ነው። ዐይኔን እያየ፣ ማንንም መሃል ሳያስገባ ነገረኝ።

«እጁ ገና አልደረቀም፣ ይታጠፍ ነበር፣ እታለም። አሁን፣ አሁን ነበር ያለፈው።»